የራዲዮ ማማና መብረቅ፤ የመሬት ዘንግ ስለ መምረጥ

ከናይሮቢ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣ ብሎ ወደ ንጎንግ ኮረብታዎች የሚጓዝ ሰው ከሩቅ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው በነፋስ ኀይል የሚዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ መዘውር ሲሆን፥ ሁለተኛው በየጕብታው ላይ እንደ ጦር የተሰካው የራዲዮና የቴሌቪዥን ማማ ነው። የኮረብታው ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2460 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ከዚያ የሚሰራጨው ድምፅ ከተማዪቱንና አካባቢዋን ያዳርሳል። ይሁን እንጂ ለድምፅ የተመቸ ከፍታ ለመብረቅም የተመቸ ነው። ማማውን የሚያይ ብዙ ነው፤ ከእግሩ ሥር የተቀበረውን ዘንግ ግን፥ አንድ ጊዜ መሬት ከገባ በኋላ፥ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ስለማይታየው ዘንግ ይሆናል።

ከአንባብያን መካከል አማርኛን ገና በመማር ላይ የሚገኙ ሹማምንት ስላሉ፥ ወደ ጕዳዩ ከመግባታችን በፊት አንዳንድ ቃል ማብራራት የተገባ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «መሬት ማስያዝ» የሚሉት አነጋገር አላቸው። ይህን ቃል በጨረታ ወረቀት ላይ ያገኘ አንድ ተማሪ ሹም፥ የማማው ባለቤት መሬቱን ለባንክ መያዣ ሰጠ ብሎ ቢተረጕመው አይፈረድበትም፤ «ቤቱን አስያዘ» ሲባል ለብድር ዋስትና አደረገው ማለት ነውና። በኤሌክትሪክ ሥራ ግን መሬት ማስያዝ ማለት ከላይ የሚመጣውን ኀይል በሽቦና በዘንግ አድርጎ ወደ ምድር ማድረስ ነው። ዘንጉንም ነጋዴዎች በእንግሊዝኛው ስም «ኧርዝ ሮድ» ይሉታል። ወደ ሱቅ ገብቶ «ዘንግ ስጡኝ» የሚል ሰው የእረኛ በትር ፈላጊ እንዳይመስል፥ ሁለቱንም ስም ማወቅ ይበጀዋል። ደግሞም ብልጭታ ብርሃኑ፥ ነጎድጓድ ድምፁ፥ መብረቅ ግን የሚወርደው ራሱ ኀይሉ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በልጅነታችን ሰማይ ሲያጕረመርም ቀይ ልብስ እንድናወልቅ ይነገረን ነበር። መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚፈልገው ወደ ምድር የሚያደርሰው አቋራጭ መንገድ ነው፤ ይህን መንገድ የማያዘጋጅለት ሰው ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። የአሜሪካው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በ1752 በፈረንሳይ አገር በተደረገው ሙከራ መብረቅ የኤሌክትሪክ ኀይል መሆኑ ተረጋገጠ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1753፥ በሩሲያ ከተማ በሴንት ፒተርስበርግ ጌኦርግ ሪኽማን የተባለ ሊቅ የራሱን ሙከራ ለማድረግ ተነሣ። ከቤቱ ጣራ ላይ ብረት አቆመ፤ ከብረቱም ሽቦ ወደ ክፍሉ አስገባ። ነገር ግን ኀይሉን ሊመዝን ስለ ፈለገ ሽቦውን ከምድር ጋራ አላገናኘውም ነበር። ማዕበሉ በደረሰ ጊዜ ወደ መሣሪያው ጠጋ ብሎ ሲመለከት መብረቁ ግንባሩን መትቶ ገደለው። ጣራው ላይ ያለው ብረት ሥራውን በሚገባ ሠርቶ መብረቁን ጠርቶታል፤ የጐደለው ከታች የሚሆነው ብቻ ነበር። መሬት ያልያዘ የራዲዮ ማማም እንዲሁ ነው፤ እንግዳ ጠርቶ በሩን እንደሚዘጋ ባለቤት ይቈጠራል።

የእንግዳውንም መጠን ማወቅ ይገባል። በቤታችን ያለው ፊውዝ ከ10 ወይም ከ16 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ይቃጠላል። መካከለኛ የሚባለው መብረቅ 30000 አምፔር ያህል ይዞ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣው ብርቱው እስከ 200000 ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ተከድኖ ከሚገለጥበት ጊዜ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በናይሮቢ ሳለሁ፥ በዚያች ከተማ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለአንዲት ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ማማ የሚሆን ዘንግ ሊገዙ ሲሄዱ ተከትያቸው ሄድሁ። በናይሮቢ የእጅ ባለሙያን «ፉንዲ» ይሉታል፤ እርሳቸውም ወደ ሱቁ ሲገቡ ሰላምታው ሁሉ «ፉንዲ» እያለ ነበር። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ዘንግ ዘረጋላቸው። ሦስቱም ቀያዮች ናቸው፤ ሦስቱም ያብረቀርቃሉ። እኔ እጅግ የሚያብረቀርቀውን አነሣሁና፥

«ጋሼ፥ ይኸኛው አይሻልም?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ ፊቱን አትይ፤ ጫፉን እይ» አሉኝ።

ከኪሳቸው ትንሽ ሞረድ አውጥተው ያነሣሁትን ዘንግ ሁለት ጊዜ ፋቅ ፋቅ ቢያደርጉት፥ ከመዳቡ ሥር ግራጫው ብረት ብቅ አለ። ያ ዘንግ መዳብ የተቀባ እንጂ መዳብ የለበሰ አልነበረም። ሁለተኛውን በሞረድ ቢፍቁት ቢፍቁት መዳቡ ቶሎ አላለቀም፤ በተቈረጠው ጫፉም ላይ ቀዩ ክብ ብረቱን እንደ ቀለበት ከቦት በግልጥ ይታይ ነበር። ለእንዲህ ያለ ዘንግ የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ብረቱን የሚያለብሰው መዳብ ቢያንስ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው ያዛል፤ የፖስታ ካርድ ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ ዘንጉ በመዶሻ እየተመታ በጠጠር መካከል ሲያልፍ ስስ የሆነው ሽፋን ይገፈፋል፤ በተገፈፈበትም በኩል ዝገቱ ገብቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘንጉን በመሬት ውስጥ ይቈርጠዋል። ከላይ የሚታየው ጫፍ ግን እንደ ቀድሞው ቀይ ሆኖ ይቀመጣል።

ማግኔትም ይዘው ነበር። ማግኔት የሚጠቅመው ውስጡም መዳብ ነው ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ለመለየት ነው፤ ንጹሕ መዳብን ማግኔት አይስበውም። ከዚህ በቀር ዘንጉን በኀይል አጥፎ የልባሱን መሰንጠቅና አለመሰንጠቅ መመልከት ጥሩ ፈተና ነው። ባለሱቁ ግን ዘንጉን እንድናጥፍበት አልፈቀደም፤ በዚህ ደግሞ እውነት አለው።

ሹማምንት ዘንግ እንዲገዛ ሲያዙ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በውፍረት ላይ ነው። ወፍራም ነገር ጠንካራ መስሎ ይታያልና ወፍራሙን ይመርጣሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። የአፈሩ ተቃውሞ 100 ኦም ሜትር በሆነበት መሬት፥ 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ዘንግ ቢተከል ተቃውሞው 40 ኦም ያህል ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ወደ 36 ይወርዳል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ግን ወደ 22 ወይም 23 ይወርዳል። በየሱቁ የሚገኘው የ1.2 ሜትር አጭር ዘንግ በዚሁ መሬት ብቻውን ቢተከል 72 ኦም ያህል ይሰጣል። ባለሙያዎች ለማማ የሚመኙት 10 ኦም ወይም ከዚያ በታች ስለ ሆነ፥ አንድ አጭር ዘንግ መትቶ ሥራው አለቀ ማለት የማይሆን ነው። ከዚህም በላይ ረዥሙ ዘንግ በበጋ የማይደርቀውን እርጥብ አፈር ስለሚደርስበት ጥቅሙ በሒሳብ ከሚታየው ይልቃል። ለዚሁ ሲባል ጫፋቸው ጥርስ የወጣላቸውና በመገናኛ እየተቀጣጠሉ ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ዘንጎች ይሸጣሉ። ብዙ ዘንግ ጎን ለጎን የሚተክል ሰው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ተጠጋግተው የተተከሉ ዘንጎች በአንድ ማዕድ ላይ እንደ ተጨናነቁ እንግዶች ናቸው፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይቈርሳሉ፤ ማናቸውም አይጠግቡም።

አሁን ወደ ናይሮቢ አፈር እንመለስ፤ ዘንግን የሚመርጠው ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩ ነውና። ይህች ከተማ በሁለት አፈር ላይ የተቀመጠች ናት። በሰሜንና በምዕራብ በኩል፥ ቡና ወደሚበቅልበት ወደ ኪያምቡ አቅጣጫ፥ ጥልቅ የሆነ ቀይ አፈር አለ። በደቡብና በምሥራቅ፥ በኤምባካሲና ወደ አቲ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ፥ እንግሊዞች የጥጥ አፈር የሚሉት ጥቍር አፈር ይገኛል። የአገራችን ገበሬ ቢያየው ስም አይቸግረውም፤ መረሬ ነው። በ1930ዎቹ በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የአገራችን ራዲዮ ጣቢያ የተተከለባት የአቃቂ ሜዳም የመረሬ አገር ናት።

መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ኤሌክትሪክም በቀላሉ ያሳልፋል። ይህን አይቶ ከዚህ የተሻለ መሬት የለም የሚል ብዙ ነው። በበጋ ግን ይኸው አፈር ተሰነጣጥቆ ክንድ የሚያስገባ ፍንክት ይከፍታል፤ ከዘንጉም ገላ ይለያል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የላይኛው አንድ ሜትር ዘንግ በአየር ውስጥ ቆሞ እንደሚገኝ ይቈጠራል። ስለዚህ በመረሬ ላይ አጭር ዘንግ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው፤ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች መውረድ ያስፈልጋል። ቀዩ አፈር አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን ውሃው ቶሎ ይሰርግና ተቃውሞው ከፍ ይላል። በዚያ ዘንጉ በቀላሉ ስለሚገባ ርዝመት መጨመር አይከብድም።

ችግሩ በኮረብታ ላይ ነው። ለማማ የሚመረጠው ጕብታ አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ያለበት ነው፤ በድንጋይ ላይ ደግሞ መዶሻ የቱንም ያህል ቢበረታ ዘንጉን ከማጕበጥ በቀር አይጠቅምም። በእንዲህ ያለ ቦታ ዘንግን ትቶ ጠፍጣፋ የብረት ወይም የመዳብ ጥብጣብ በማማው ዙሪያ እንደ ፀሓይ ጨረር እየዘረጉ በሚገኘው አፈር ውስጥ መቅበር ይሻላል። የማማውም መሠረት ራሱ መረሳት የለበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኸርበርት ዩፈር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአሪዞና በረሓ የቦምብ ግምጃ ቤቶችን ከመብረቅ እንዲያድን ታዞ፥ በዚያ ደረቅ መሬት ውስጥ ዘንግ ከመምታት ይልቅ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ከመሬት ማስያዣው ጋራ አገናኘው፤ ለዓመታት ሲለካም መልካም ሆኖ ተገኘ። ኮንክሪት ከአፈር እርጥበት ይስባልና ነው። እንግዲህ መሠረቱ ከመፍሰሱ በፊት ብረቶቹን አስተሳስሮ አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ማስቀረት በጥቂት ወጪ የሚገኝ ትልቅ ሀብት ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማንም ሊያደርገው አይችልም።

በአገራችንም ሆነ በኬንያ አንዳንድ ሠራተኞች ጕድጓድ ቈፍረው ከሰልና ጨው እየሞሉ ዘንግ የመትከል ልማድ አላቸው። ጨው ተቃውሞውን ዝቅ ማድረጉ እውነት ነው፤ ዝናም ጥቂት በጥቂት አጥቦ እስኪወስደው ድረስ። እስከዚያው ግን ብረቱን ይበላዋል። ቤንቶናይት የሚባለውና ውሃ ይዞ የሚቈየው የሸክላ ዱቄት ዋጋው ቢበዛም ከጨው ይሻላል።

አሁን የምናገረው አዛውንቱ አጥብቀው ያስገነዘቡኝን ነገር ነው፤ እኔም ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ሁለተኛውን፥ ማለትም መዳቡ ወፍራም የሆነውን ዘንግ ከመረጡ በኋላ፥ ሦስቱን የወጣሪ ገመድ መልሕቆች የሚይዘውን ዘንግ ግን መዳብ የሌለበት፥ በዚንክ የተነከረ ብረት እንዲሆን አዘዙ። እኔ ለማማው እግር መዳብ፥ ለመልሕቁ ተራ ብረት ማዘዛቸው ለቍጠባ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ጋሼ፥ ስለ ገንዘቡ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መዳብ ከብረት ጋራ በአንድ መሬት ሲያድር ብረቱን ይበላዋል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረዥምና ቀጭን ማማ ብቻውን አይቆምም፤ በሦስት ወገን በብረት ገመድ ተወጥሮ ይያዛል። ገመዶቹ የሚታሰሩበት የብረት ዘንግ ወደ መሬት ገብቶ በኮንክሪት መልሕቅ ይጠበቃል። መብረቅ በገመዱም በኩል ስለሚወርድ፥ በየመልሕቁ አጠገብ የመሬት ዘንግ ተተክሎ ከገመዱ ጋራ ይያያዛል። ይህ የተገባ ነው። ነገር ግን መዳብና ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ ሆነው ከላይ በሽቦ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ። በእጅ ባትሪ ውስጥ ዚንኩ እየተበላ ብርሃን እንደሚሰጥ፥ እዚህም አስቀድሞ የመልሕቁ ዚንክ፥ ቀጥሎም ብረቱ ራሱ ቀንና ሌሊት ጥቂት በጥቂት ይበላል፤ መዳቡን ግን ምንም አይነካውም። ኤሌክትሪክን በመልካም የሚያሳልፍ አፈር፥ እንደ እርጥብ መረሬ ያለው፥ ይህንን ጥፋት ያፋጥነዋል። ለመብረቅ የተመሰገነው አፈር ለመልሕቁ ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አለመታየቱ ነው። ማማውን የሚመረምረው ሰው ከመሬት በላይ ያለውን ብረት አይቶ ቀለሙ አልተላጠም፥ ገመዱ አልላላም ብሎ ይፈርማል። ዝገቱ ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። በሌሎች አገሮች በዚህ ምክንያት መልሕቃቸው ተበጥሶ የወደቁ ማማዎች አሉ። ከመብረቅ ይጠብቅ ዘንድ የተገዛው መዳብ፥ አንድም መብረቅ ሳይወርድ ማማውን በጸጥታ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በመልሕቁ ዘንድ ከመልሕቁ ጋራ የሚስማማ በዚንክ የተነከረ ዘንግ ይተከላል፤ ዘንጉም ዘላለማዊ አለመሆኑ ታውቆ በየጊዜው ይለወጣል። በማማው እግር ያለው መዳብም በመሬት ውስጥ ከመልሕቁ ጋራ የተያያዘ ከሆነ፥ ወይም ባለሙያው የአፈሩን ጠባይ አይቶ ካሰጋው፥ የዚንክ ወይም የማግኒዝየም ቍራጭ ቀብሮ ከመልሕቁ ጋራ ያገናኛል፤ ያ ቍራጭ በመልሕቁ ፈንታ እየተበላ ይቈያል። መዳቡን በዚንክ ከተነከረው የማማ እግር ጋራ ፊት ለፊት ማሰርም እንዲሁ አይገባም። በመካከል የማይዝግ ብረት ወይም በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ ማሰሪያ ይደረጋል። ከዘንግ ጋራ የሚሸጠው የመዳብ ማሰሪያ ርካሽ ነው ተብሎ በሁሉም ቦታ የሚታሰር ከሆነ፥ ዝናሙ ራሱ በማማው እግር ላይ አረንጓዴ እንባ ሲያወርድ ይታያል።

በዚንክ የተነከረ ብረት ሌላም በጎነት አለው፤ ሌባ አይወደውም። በናይሮቢ ብረት ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያስታውስ አንድ ቀን አለ። በጃንዋሪ 11 ቀን 2022 በከተማዪቱ ኢማራ ዳይማ በተባለው ሰፈር የከፍተኛ ኀይል መስመር ማማዎች ወድቀው የኬንያ ብዙው ክፍል መብራት አጣ። ባለሥልጣኖችም ምክንያቱ የማማውን ብረት ፈትተው የሚሸጡ ሰዎች ሥራ መሆኑን ተናገሩ፤ በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የቍርጥራጭ ብረት ንግድን አገዱ። እገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ ቢነሣም ትምህርቱ አልተነሣም። እነዚያ የኤሌክትሪክ እንጂ የራዲዮ ማማዎች አልነበሩም፤ ሌባው ግን ልዩነቱን አይጠይቅም። ንጹሕ መዳብ ከሆነ ቈፍሮ ያወጣዋል፤ መዳብ የለበሰ ብረት ከሆነ መዳቡን መለየት ስለሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ጫፉን ከመሬት በታች አድርጎ በክዳን ጕድጓድ ማስቀመጥ፥ ሽቦውንም በኮንክሪት ውስጥ ማሳለፍ ይረዳል። እንደዚሁም በመካከለኛ ሞገድ የሚሠሩ ጣቢያዎች ማማው ራሱ አንቴና ስለ ሆነ፥ ከሥሩ በሸክላ ላይ ቆሞ ከምድር ይለያል፤ መብረቅ በመጣ ጊዜ ከሸክላው ጎን ባሉት ሁለት የብረት ኳሶች መካከል ዘልሎ ወደ ምድር ይወርዳል። በዙሪያውም እስከ 120 የሚደርስ የመዳብ ሽቦ እንደ መንኰራኵር ጨረር ይቀበራል። የዚህን ሁሉ መዳብ ዋጋ ከጣቢያው መሐንዲስ ይልቅ ሌባው አሳምሮ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ስለ ሰው እንናገር። ተቃውሞው 10 ኦም በሆነ መልካም መሬት ላይ 30000 አምፔር ቢወርድ፥ ማባዛት ብቻ ነውና፥ ማማው ለቅጽበት ከሩቅ መሬት ይልቅ በ300000 ቮልት ከፍ ይላል። እንግዲህ መልካም ዘንግ መኖሩ ብቻውን አያድንም። በጣና ላይ ያሉ ታንኳዎች ውሃው ሲሞላ ሁሉም አብረው ከፍ ይላሉ፤ አንዱ በአጭር ገመድ ከታች ከድንጋይ ጋራ ታስሮ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያ ይሰጥማል። የማማው ዘንግ፥ የመብራት ኀይሉ ዘንግ፥ የስቱዲዮው ዘንግ፥ ሁሉም በወፍራም ሽቦ ወይም ጥብጣብ አንድ መሆን አለባቸው። አንዳንድ ባለሙያ ለመሣሪያው የተለየ «ንጹሕ መሬት» ያስፈልገዋል ብሎ ብቻውን ይተክለዋል፤ መብረቁም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስታርቀው በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ነው። የሚያገናኘውም መሥመር አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። መብረቅ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ በጠመዝማዛ ሽቦ መዞርን አይወድም፤ በመታጠፊያው ላይ ወጥቶ ይዘላል።

ይህ ከፍታ ከማማው እየራቁ ሲሄዱ በመሬት ላይ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከማማው አጠገብ የቆመ ሰው አንድ እግሩ ያለበት መሬት ከሌላው እግሩ ይለያል፤ ልዩነቱም በእግሮቹ በኩል ያልፋል። ከብት አራት እግሩ ተራርቆ ስለሚቆም ብዙ ጊዜ በዚህ ይሞታል። በናይሮቢ የማማ ዘበኛ የቆርቆሮ ጎጆውን ከማማው እግር አስጠግቶ ሠርቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ልብሱን በወጣሪው ገመድ ላይ አስጥቶ ይታያል። ዘንግ የሚገዛ ሹም በዚያው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ቢጨምር ያ ዘበኛ ልጆቹን አሳዳጊ ሆኖ ይኖራል፤ ይኸውም ጎጆው ከማማው ርቆ እንዲሠራ፥ በማማውም ዙሪያ 15 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተፈጨ ድንጋይ እንዲነጠፍ ነው። ድንጋዩ በእግርና በአፈር መካከል ሆኖ ኀይሉን ያግዳል።

በሰው ብዛት በተጨናነቀ ሰፈርም ጕዳዩ የባሰ ነው። በናይሮቢ በኮሮጎቾ ሰፈር በ2006 ኮች ኤፍ ኤም የተባለው የሕዝብ ራዲዮ በዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ውስጥ ሥራውን ጀመረ፤ በኪቤራም በ2007 ፓሞጃ ኤፍ ኤም ተቋቋመ። ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ፥ መንገዱ ሁሉ የልጆች መጫወቻ በሆነበት እንዲህ ባለ ሰፈር ማማ የሚያቆም ሰው፥ ዘንጉን በመተላለፊያ ላይ ባይተክልና የጎረቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ከማማው ጋራ እንዳይነካካ ቢጠነቀቅ ግዴታው ነው። በጎረቤት አገር በዑጋንዳ፥ በጁን 2011፥ በሩንያንያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መብረቅ ወርዶ 18 ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ አልቀዋል። ናይሮቢ ራስዋ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ እንዳሉት አገሮች መብረቅ የሚያዘወትራት አይደለችም። ከናይሮቢ የተገዛ ዘንግ ግን ወደ ኬሪቾና ወደ ኪሲ ይሄዳልና፥ የሚገዛው ሹም የሱቁን ሰማይ ሳይሆን ዘንጉ የሚተከልበትን ሰማይ ማሰብ አለበት።

በመጨረሻ ሥራውን ስለ መረከብ ጥቂት እንበል። ተቋራጩ መለኪያውን ይዞ መጥቶ ቍጥር ያሳያል፤ ሹሙም ይፈርማል። መለኪያው የሚሠራው ሁለት ትንንሽ ካስማዎች ከማማው ርቀው በአንድ መሥመር ተተክለው ነው፤ የመካከለኛው ካስማ ከማማው እስከ ሩቁ ካስማ ካለው ርቀት በመቶው 62 ያህል ላይ ይቆማል። ካስማዎቹን እዚያው ከማማው ሥር ተክሎ የሚለካ ሰው ደስ የሚያሰኝ ቍጥር ያገኛል፤ ቍጥሩ ግን ሐሰት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያታልለው ወሩ ነው። በናይሮቢ ታላቁ ዝናም ከማርች እስከ ሜይ ይወርዳል። በሜይ የተለካ መሬት ሁሉ ጥሩ ነው። ሐቁ የሚታወቀው በፌብሩዋሪ፥ መረሬው ተሰነጣጥቆ ቀዩም አፈር አቧራ በሆነ ጊዜ ነው።

አዛውንቱ ያን ማማ ተክለው በሜይ ሲለኩት 6 ኦም አገኙ፤ ባለቤቶቹም ተደስተው ሊከፍሉ ተነሡ። እርሳቸው ግን ከዋጋው ጥቂቱ እስከ ፌብሩዋሪ እንዲቈይ ራሳቸው ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 19 ሆነ። ሁለት ዘንግ ቀጥለው ወደ ጥልቁ አወረዱና 9 አደረሱት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያው ወር እየሄዱ ይለካሉ፤ የመልሕቁንም አፈር ክንድ ያህል ቈፍረው ብረቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ቍጥሩን የሚጽፉት በዕቃ ቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ነው። በመዝገብ ለምን አይጻፍም ብዬ ብጠይቃቸው፥ መዝገብ ይጠፋል፥ በር ግን አይጠፋም አሉኝ፤ ጥቂት ቈይተውም በሩ ብረት መሆኑን አስታውሰው ቍልፉን ድጋሚ ፈተሹት።